የዳኖ ሰሞን ሸምበቆ

ሃንሳን፣ ማርች 6 ቀን 1983

ለተከበሩ አጎቴ ለታክ ኢንሶብ፤

የወንዙ በረዶ ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት በዚህ ሰሞን እንዴት ከርመዋል? ጤናዎስ? እንቅልፍዎስ? ምግብ ይበላልዎታል? የአያቶቻችን ጥላ ከላይዎ አይነሳ። እኛ ሁላችን ደህና ነን።

አያውቁኝም። ስለዚህ ራሴን በተራ ላስተዋውቅ። ስጨነቅ ነገር በቁጥር ካልጻፍኩ ይጠፋብኛል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አንደኛ፦ ስሜ ታክ ማንሶክ ነው። በክም ወንዝ ላይ በጀልባ ሰው ያሻግር የነበረው የታክ ቹንሺክ ልጅ ነኝ። እርስዎና አባቴ የወንድማማች ልጆች ናችሁ። አባቴ ካረፈ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው።

ሁለተኛ፦ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ። የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ ሩዝ መዛኝ ነኝ። ባለቤቴ ሸማኔ ናት።

ሦስተኛ፦ አድራሻዎን ያገኘሁት ባለፈው መከር የአያቶቻችን መቃብር ላይ ስንሰግድ፣ ከትልቋ አክስት ነው። ኦሳካ ያሉት አጎት በሕይወት አሉ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ እስካለፈው ዓመት አልሞተም፣ ከዚያ ወዲህ ግን ኃላፊነት አልወስድም አሉኝ። እንደ ቀልድ ይውሰዱልኝ።

አራተኛ፦ አንድ ልጅ አለን። ስም፦ ዱሪ። ዕድሜ፦ ሃያ ሦስት። መኖሪያ፦ ሶል ከተማ። ሙያ፦ ዴግም፣ ያው እርስዎ በወጣትነትዎ በቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ቤት ይነፉት የነበረው ረጅሙ ዋሽንት። ፈተና፦ ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ። ውጤት፦ ውድቀት። ፈታኙ ምን አሉ መሰልዎት፣ ትንፋሹ ይገርማል፣ ዋሽንቱ ግን አይናገርም። እውነት ነው። የዱሪ ዋሽንት ከተራ ቀርከሃ የተሠራ ነው። ሥጋው ስስ ነው፣ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ በክር ታስሯል። አሁን ደግሞ ኖቬምበር 12 ሌላ ፈተና አለ። የድሮውን የቤተ መንግሥት ሙዚቃ የሚጫወተው ቡድን ውስጥ ለረጅሙ ዋሽንት አንድ ቦታ ተለቋል። አንድ ብቻ። ከዚህ በኋላ መቼ እንደሚለቀቅ የሚያውቅ የለም፣ የቀሩት ነፊዎች ሁሉ ጤነኞች ናቸው።

አምስተኛ፦ አይቀየሙኝና፣ የሰፈራችን ፖሊስ አድራሻዎን መውሰዴን ሰምቶ ሰውየው እዚያ ጃፓን ውስጥ የየትኛው ማኅበር አባል ነው፣ የሰሜን ኮሪያ ወገን እንዳይሆን ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። የሚሉኝን እነግረዋለሁ።

ስድስተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፣ ትቼዋለሁ።

ምንም አልጠይቅም። ምክር ቢለግሱን ይበቃናል። እንደርስዎ ያለ ሰው በዘራችን መኖሩን ማወቅ ራሱ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

የወንድምዎ ልጅ ማንሶክ


ኦሳካ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1983

ለዱሪ አባት፤

ቤትህ ሰላም ይሁን፣ የሚስትህ ክር አይበጠስ። እኔ አለሁ። ለትልቋ አክስት ንገርልኝ፣ ለዚህ ዓመትም ኃላፊነት መውሰድ ይችላሉ።

መጀመሪያ ለፖሊሱ። አባል የሆንኩበት ማኅበር አንድ ነው፣ የሰፈራችን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት። ማክሰኞና ዓርብ እንገናኛለን፣ የምንወያየው ስለ ወገብ ሕመም ነው። ሥራዬ የነጠላ ጫማ ሶል ማጣበቅ ነው። እዚሁ ቤቴ ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት አጣብቄአለሁ።

ቀጥሎ ላንተ። ጤናዬን ጠየቅህ፣ እንቅልፌን ጠየቅህ፣ ሆዴን ጠየቅህ። ስለ ዋሽንቴ ግን አንዲት ቃል የለችም። አምስት ቁጥር ጽፎ ስድስተኛውን የሚተው ሰው ስድስተኛው ላይ ምን እንዳለ አይታወቅብኝም ብሎ ነው? አለ፣ አትጨነቅ። በሳጥን ውስጥ፣ ከራስጌዬ።

ግን ቀርከሃው የማን እንደሆነ ታውቃለህ? ያባትህ ነው። ከቤታችሁ ጀርባ ካለው ጫካ የቆረጠው እሱ ነው። በሽተኛ ቀርከሃ ነው። ጤነኛው አንድ ጎኑ ላይ ብቻ ቦይ አለው፣ ይሄኛው በሁለቱም ጎኑ። ቀጥ ብሎ አያድግም፣ ሥጋው ግን እንደ ድንጋይ ይወፍራል። ጤነኛውን ዓሣ ማጥመጃ ታደርገዋለህ፣ ለረጅሙ ዋሽንት የሚሆነው የታመመው ነው። በአንድ ጫካ ውስጥ በስንት ዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ቹንሺክ ሲያገኘው ለማንም ሳይናገር ሦስት ዓመት አደረቀው፣ ከዚያ ተሸክሞ ሶል ድረስ አመጣልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቀዳዳዎቹን የበሳሁት እኔ ነኝ።

የአባትህ ሌላም ውለታ ነበረብኝ። ያ ዋሽንት ከአፍና ከጣት ቀዳዳዎቹ መሀል አንድ ትልቅ ቀዳዳ እንዳለው ልጅህ ያውቃል። እሱ ላይ የሚለጠፈው፣ ከሸምበቆ ሆድ የሚወጣው ስስ ገለፈት ከሌለ ዋሽንቱ አፉን እንደታፈነ ሰው ነው። በየዓመቱ ችግኝ በሚተከልበት በዳኖ በዓል ሰሞን አባትህ ከወንዛችን እየቆረጠ ይልክልኝ ነበር። በ1943 ወደዚህ መጣሁ፣ የመጨረሻው ገለፈት ስድስት ዓመት ቆይቶ ተቀደደ። ወረቀት ሞከርኩ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ሞከርኩ፣ ኮቤ ከተማ የሚሸጥ ሌላ ገለፈትም ገዛሁ። ጥሩ ድምፅ ነበር፣ የሌላ ሰው ቤት ድምፅ ግን ነው። ከዚያ ሳጥኑን ዘጋሁት።

ዋሽንቱን እሰጣለሁ አላልኩም። ቀርከሃ ከውጭ አምሮ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ሳልሰማው ለልጅ ሰጥቼ በፈተና ፊት ማሳፈር አልፈልግም። መጀመሪያ ገለፈት ላክልኝ። ከዳኖ በፊት አምስት ቀን፣ ከዳኖ በኋላ አምስት ቀን ብቻ ነው ያለህ። ከዚያ በፊት ውኃ ነው፣ ከዚያ በኋላ እንጨት ነው። ከድሮው መሻገሪያ በታች፣ የባሕሩ ጨው ወንዙን በሚነካበት ቁረጥ። ሁለቱን የአንጓ ጫፎች ቆርጠህ ገለፈቱን ሳትቀድ ግፋው፣ በእንፋሎት አብስለው፣ በጥላ አድርቀው።

ልጁ በቀን ስንት ሰዓት ይነፋል? እኛ ወንዶቹን ጧት በባዶ ሆድ ነበር የሚያስነፉን።

ኢንሶብ


ሃንሳን፣ ጁን 23 ቀን 1983

ለተከበሩ አጎቴ፤

የሩዙ ችግኝ ተተክሎ ባለቀበት ሰሞን ጤናዎ እንዴት ነው? ሰማይ ዕድሜዎን ያርዝምልን። ደብዳቤዎን ስምንት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤቴ ዘጠኝ ነው ትላለች።

የተሠራውን ሥራ በተራ ልንገርዎት። አንደኛ፣ ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ሁለተኛ፣ ከዱሪ ጋር ሆነን ከመሻገሪያው በታች ገባን። ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር። ሦስተኛ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሸምበቆ ቆረጥን፣ ገለፈቱ ሳይቀደድ የወጣው ስልሳ ሦስት ነው። አራተኛ፣ በባለቤቴ የሩዝ ማብሰያ ላይ አበሰልነው። ከእንግዲህ ሩዙ ሸምበቆ ሸምበቆ ቢልህ እኔን አትጠይቀኝ ብላለች። አምስተኛ፣ በጥላ አደረቅነው።

ስድስተኛው ላይ በጣም ተጠነቀቅኩ። ዝናቡ እየመጣ ስለሆነ በመንገድ እንዳይረጥብ ብዬ ወደ መጋዘኑ ወሰድኩትና በዘር ከረጢት ማሸጊያው ማሽን በሦስት ድርብ ፕላስቲክ አሸግኩት። አየር እንኳ አይገባም። በዚህ በኩል አይስጉ።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ልጅ ሆኜ በየዓመቱ በዚህ ወቅት አባቴ ለሁለት ለሦስት ቀን ይጠፋ ነበር። ሲመለስ እጁ ሁሉ ተሰነጣጥቆ ነው። እናቴ ጠጥቶ ነው እያለች ትጨቀጭቀው ነበር፣ እሱ ምንም አይመልስም። ዘንድሮ ከሸምበቆው ስወጣ እጄን አየሁት፣ ያንኑ የሱን እጅ ነው የሚመስለው። እሑድ ዕለት እናቴ መቃብር ሄጄ ጠጥቶ አልነበረም አልኳት። ይህን እንዳውቅ ስላደረጉኝ ምን ብዬ ላመስግንዎት።

ማንሶክ


ኦሳካ፣ ኦገስት 17 ቀን 1983

ለዱሪ አባት፤

ሙቀቱ ቤታችሁን አያስጨንቅ። ዘግይቼ ጻፍኩ፣ እንዴት አድርጌ ልንገርህ እያልኩ ነው።

እሽጉ በጁላይ ደረሰ። የመጀመሪያውን ፕላስቲክ ቀደድኩ፣ ሁለተኛውን ቀደድኩ፣ ሦስተኛው ከውስጥ አልቦት ነበር። ገለፈቱ ሁሉ ጥቁር ሻጋታ አብቅሎ እርስ በርሱ ተጣብቋል። አንድም አልተረፈ። ጥፋቱ የኔ ነው። በወረቀት ይጠቅለል አላልኩህም፣ ለአባትህ ተናግሬ ስለማላውቅ ላንተም መናገር ትዝ አላለኝም።

ግን ስከፍተው አንድ ሽታ ወጣ። የሻጋታ ይሁን የወንዙ እኔ አልለየሁትም፣ አርባ ዓመት ሆኖኛል። ግማሽ ሰዓት ያህል አፍንጫዬን ከትቼ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ መጥቶ ምነው ሽማግሌው፣ ምሳህ ነው ወይ አለኝ። ለሽታውም ቢሆን አመሰግናለሁ።

የዳኖ ሰሞን እንግዲህ አልፏል። ለከርሞ እንበል። መጠበቅ ለወጣት አይከብድም፣ ልጁን አበርታው።

ኢንሶብ


ሃንሳን፣ ኦገስት 31 ቀን 1983

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬን አሳጥራለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጤና ይስጥዎት። ደብዳቤዎ ከመጣ ወዲህ ምግቤን በአግባቡ አልበላሁም። ጥፋቱ የርስዎ አይደለም። ጥፋቶቹ የኔ ናቸው፣ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ፕላስቲኩ ነው። ዱሪ ያኔውኑ አባ፣ ይሄ እኮ መተንፈስ አለበት ብላኝ ነበር። ዝም በይ፣ ማሽን ነው የሚያሽገው አልኳት።

ሁለተኛውን ከላይ አነበቡት። ብላኝ ነበር አልኩ። ዱሪ ሴት ልጅ ናት። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ መኖሪያ እያልኩ የቆራረጥኩት ይህን ለመሸሸግ ነው። በርስዎ ጊዜ ያ የሙዚቃ ቤት ወንዶችን ብቻ ይቀበል እንደነበር አውቃለሁ። ሴት መሆኗን ካወቁ ሳጥኑን አይከፍቱም ብዬ ፈራሁ። እርስዎ ልጁ ልጁ እያሉ የጻፉትን ለሷ ሳነብላት እዘለው ነበር። እሷ አታውቅም። ብታውቅ ዋሽንቱን አልፈልግም ትላለች፣ እንደዚያ ናት።

ሦስተኛው አሮጌ ጥፋት ነው። አባቴ የሞተ ዓመት ጣሪያው ሥር ካለው ቆጥ ላይ አንድ ሣጥን አገኘን። ውስጡ በወረቀት የተጠቀለሉ ጥቅሎች ነበሩ፣ በያንዳንዱ ላይ ዓመተ ምሕረት ተጽፏል። ከ1944 እስከ 1960። እኔ ነኝ የቆጠርኳቸው፣ አሥራ ሰባት ናቸው። ፈታሁት፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ያለ ነገር ነው። የሆድ መድኃኒት ይሆናል፣ አርጅቷል አልን። ከልብሶቹ ጋር አቃጠልነው። እርስዎ ከሄዱ በኋላም በየዓመቱ ይቆርጥ ነበር ማለት ነው፣ መላኪያ አጥቶ ነው። ይህን ከደብዳቤዎ በፊት አላውቅም ነበር። አሁን ግን ማወቁም ይከብዳል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሥራ አንድ ገለፈት አለ። የዱሪ ነው። እኔ ወደ መጋዘን ስሮጥ እሷ ከኋላዬ ቆንጥራ አስቀርታ፣ በአሮጌ ወረቀት ጠቅልላ ጣሪያው ሥር ሰቅላው ነበር። ስለ አያቷ ሣጥን ማንም አልነገራት። ለፈተናዬ ይሆነኛል ብላ ነበር፣ አሁን ለአጎት ይሁን ብላ ሁሉንም ሰጠችኝ። ለራስሽ ሁለት አስቀሪ ብላት፣ የማይናገር ዋሽንት ላይ ብለጥፈው ምን ያደርግልኛል አለችኝ።

ዋሽንቱን አልጠይቅም፣ ያን መብት አጥፍቻለሁ። ይህ ግን ይድረስዎትና ይስሙት።

ማንሶክ


ሃንሳን፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1983

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሩዙ ታጨደ። ጤናዎን እንመኛለን። ፖስታ ቤቱን በየቀኑ እጠይቃለሁ፣ ፖስታ አዳዩ አሁን አሁን ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል። አንደኛ፣ ደህና መሆንዎን ብቻ ይጻፉልኝ። ሁለተኛ የለኝም።

ማንሶክ


ኦሳካ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1983

ለዱሪ አባት፤

የአዲሱ ሩዝ በረከት አይለያችሁ። ወር ሙሉ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ ነው ብለህ ከሆነ ልክ ነህ። አንዱን ሳምንት የተቆጣሁት በልጅቱ ሴትነት ነው። የቀሩትን ሳምንታት በራሴ ነው። ሰው ልጁን ከኔ የሚደብቅ ከሆነ እኔ ምን ዓይነት ሰው ብመስል ነው?

አንድ ነገር ላጫውትህ፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። በሙዚቃ ቤታችን ልብሳችንን የምታጥብ ሴት ነበረች። በር አካባቢ ውኃ ዳር ነው የምትቀመጠው። ቀስ ብለው የሚሄዱትን ረጃጅም ዜማዎች ሁሉ፣ ፒሪ የምንላቸው አጫጭር ቧንቧዎች የት አቁመው ዋሽንቱ የት እንደሚቀበላቸው፣ በቃሏ ትይዘው ነበር። እኔ ስሳሳት መምህሩ ሳይሰማ እሷ ከልብሱ ላይ ቀና ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። ስሟን ጠይቄአት አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተካከለችኝ ሴት ናት። በሦስተኛው ሳምንት ትዝ አለችኝ፣ ከዚያ በኋላ አፍሬ ብዕር ማንሳት አቃተኝ።

ገለፈቱ እንዴት ያለ ነው! ያባትህ ነው የሚመስለው። በስሱ ሙጫ አንዱን ለጠፍኩት። ሙጫ ላይ እንኳ የሚያክለኝ የለም፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሠራሁት እሱን ነው። ከዚያ አፌ ላይ አደረግሁት።

ነፋስ ብቻ ነው የወጣው። ደግሜ ሞከርኩ። ነፋስ። ዋሽንቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። የፊት ጥርሶቼ የሉም፣ የጫማው ሙጫ ጢስ ደግሞ ሳምባዬን ጨርሶታል፣ ሐኪሙ ፎቅ አትውጣ ካለኝ ሁለት ዓመት ሆነ። አልነገርኩህም። አንተም አንድ ነገር አልነገርከኝም፣ እኩል ነን። ጣቴን ገለፈቱ ላይ አሳርፌ በቀስታ ስተነፍስ ግን ተንቀጠቀጠ። ሲንቀጠቀጥ በጣቴ ሰማሁት። በጣት የሰማሁትን በጆሮ የምታሰማኝ ልጅህ ናት።

የመታጠቢያ ቤቱ ባለቤት ሚስት የእናቷን መቃብር ለመጎብኘት በዚህ ወር በሃያ ሁለት በመርከብ ወደ ቡሳን ትሻገራለች። ዋሽንቱን በጨርቅ ጠቅልላ እጇ ላይ ይዛ ትመጣለች፣ ወደብ ድረስ ሄደህ ተቀበላት። የተለጠፈውን እንዳትነኩት። የቀሩት አሥሩም በወረቀት አብረው ይመጣሉ። እባክህን፣ ማሽን አታሳየው።

ኢንሶብ


ሃንሳን፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1983

ለተከበሩ አጎቴ፤

ብርዱ እርስዎ ዘንድ ቀስ ብሎ ይግባ፣ ሳምባዎን አይንካብን። የምጽፈው ብዙ ነው፣ ቅደም ተከተሉ እየተደባለቀብኝ ነው።

ዋሽንቱን ከወደብ ተቀብዬ በባቡር ስመጣ ጭኔ ላይ አጋድሜው ነበር፣ ሽንት ቤት እንኳ አልሄድኩም። ዱሪ ከሶል መጥታ ጠበቀችኝ። ቤት ውስጥ አልነፋም አለች፣ ወደ መሻገሪያው ሄድን፣ እናቷም ሥራዋን ጥላ መጣች። ዱሪ ዋሽንቱን አግድም ትከሻዋ ላይ አሳረፈችው። ከባድ ነው አባ፣ ሰው እንደ መሸከም ነው አለችኝ። ከዚያ ነፋች።

እኔ ስለ ሙዚቃ መጻፍ አልችልም። መጀመሪያ ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር፣ ከዚያ እየጠነከረች ስትሄድ ገለፈቱ ነዘረ፣ ድምፁ እንደ ተቀደደ ሐር ጠርዝ አወጣ፣ ከሸምበቆው ውስጥ ዳክዬዎች ተነሱ። ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ያሳደግናት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ደረቷ ውስጥ እንዳለ አናውቅም ነበር።

ከአስተማሪ ጎረቤታችን መቅጃ ተውሼ በካሴት ቀድቼዋለሁ። እዚሁ አብሮ አለ። መጀመሪያው ላይ እሷ እንድትዘጋጅ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስል የኔ ድምፅ ገብቶበታል። ማጥፋት አልቻልኩም፣ ይቅርታ።

አሁን ፈተናው። አሥራ ዘጠኝ ተፈታኞች ነበሩ። እኔ ከግቢው በር ውጭ ቆሜ ነበር፣ ዘበኛው ሦስት ጊዜ ቁጭ በሉ አለኝ። ነፍታ ስትጨርስ ከፈታኞቹ አንዱ ሽማግሌ ዋሽንቱን ተቀብሎ አገላብጦ አይቶ የማን እንደሆነ ጠየቃት። ቀርከሃውን አያቴ ቆረጠው፣ የአባቴ አጎት በሳው፣ ገለፈቱ የወንዛችን ነው አለች።

ታዲያ ያንቺ ምኑ ነው? አላት።

ትንፋሹ ነው፣ እሱን እንኳ አምና ሰምታችሁታል አለችው።

ይህን ስትነግረኝ፣ ለሽማግሌ እንዲህ ተብሎ ይመለሳል ወይ ብዬ ልቆጣት ስል አጎቴ፣ ውጤቱን ነገረችኝ። አልፋለች። በጃንዋሪ ትጀምራለች። ከሁሉም ኋላ ነው የምትቀመጠው፣ ግን ትቀመጣለች።

አመሰግናለሁ ብዬ ጻፍኩና ትንሽ መስሎ ታየኝ። ባለቤቴ እንደሱው ተወው፣ ይገባቸዋል ብላኛለች። አመሰግናለሁ።

ማንሶክ


ኦሳካ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 1984

ለዱሪ አባት፣ ለእናቷም፤

አዲሱ ዓመት በሙሉ እጁ ይግባላችሁ።

ካሴቱ ደረሰ። ማጫወቻ ስለሌለኝ ማክሰኞ ዕለት ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይዤው ሄድኩ። ባለቤቱ ሬዲዮውን ዘግቶ ካሴቱን ከተተው። ወገቡን የሚያመው ሁሉ ፎጣውን እንዳገለደመ ተሰበሰበ። አንዱ ቀልደኛ ይሄ ቀብር ነው ወይስ ሠርግ ብሎ ጀምሮ ነበር፣ ዱሪ ወደ ላይኛው ድምፅ ስትወጣ እሱም አፉን ዘጋ። ዋሽንቴ አልተሰነጠቀም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሳጥን ውስጥ ምንም አልሆነም። ከመሀል አንድ ቦታ ላይ ፒሪዎቹ ቢኖሩ የሚያቆሙበት ነው፣ እሷ እዚያ ቸኩላለች፣ ንገራት። ሌላው ሁሉ ከኔ ይበልጣል። እሱን አትንገራት።

አሁን የምነግርህን ስማኝ። መጀመሪያ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚለው ድምፅ ሲመጣ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ቹንሺክ ነው ብዬ ነው። የሱ ድምፅ ነው ያለህ። ጀልባውን ከዳር ከመግፋቱ በፊት ልክ እንዲህ ነበር የሚቆጥረው፣ ሦስተኛዋን ትንሽ ጎትቶ። እስካሁን ዜማውን አሥር ጊዜ ሰምቼው ይሆናል። ቁጥሩን ግን ስንት ጊዜ እየመለስኩ እንደሰማሁት አልነግርህም። ባለቤቱ ካሴቱ ያልቃል ብሎ ተቆጥቶኛል።

እንዳታጠፋው። ቁጥርህንም አትተው፣ ከማን እንደወረስከው አሁን አውቄአለሁ።

ኢንሶብ


ሃንሳን፣ ጁን 9 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ፤

የአዲሱ ችግኝ አረንጓዴ ዓይንዎን እንደሚያሳርፍ፣ ዘመንዎም እንደዚያው ይለምልም። ባለፈው የላኩት ደብዳቤ ላይ እጅ ጽሑፍዎ ተንቀጥቅጧል፣ ሐኪም ዘንድ ሄደው ከሆነ ይጻፉልን።

በሜይ መጀመሪያ እሑድ ሶል ሄድን። በነገሥታቱ የአያቶች ቤት ፊት ዓመታዊው መሥዋዕት ሲቀርብ ዱሪ ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር ቆብ አድርጋ ከሌሎቹ መሀል ተቀምጣ ነበር። ያየሁትን ልዘርዝርልዎት። የድንጋይ ደወሎቹን በጣም ወደድኳቸው፣ ብርድም ሙቀትም ድምፃቸውን አይለውጠውም አሉኝ፣ እንደሱ ያለ ነገር ነው ለኔ የሚሆነኝ። የነሐሱ ደወሎች ትይዩአቸው አሉ። ከዚያ ሙዚቃው ሲያበቃ ጥርሳም ጀርባውን በዘንግ የሚፍቁት የእንጨት ነብር። ሃያ ሰባት ጥርስ አለው ይላሉ፣ እኔ ከቆምኩበት ሃያ ስድስት ነው የቆጠርኩት፣ ዱሪ አባ ተወው ብላኛለች። የርስዎን ዋሽንት ከሌሎቹ ለይቼ ሰማሁት ብል እዋሻለሁ። ግን ፒሪዎቹ ያቆሙ ጊዜ አልቸኮለችም። እሱን ቆጥሬአለሁ።

ዳኖ ሰኞ ዕለት ነበር። እሷም ፈቃድ ወስዳ መጣች፣ አብረን ገባን። የወንዙን አፍ በግድብ መዝጋት ጀምረዋል፣ ጨው ውኃው ስንት ዓመት እንደሚመጣ አላውቅም፣ ዘንድሮ ግን መጥቷል። ሰባ ሁለት ወጣልን። ሠላሳው ለዱሪ ነው፣ የቀረው ይኸው። በወረቀት ነው፣ ወረቀቱንም በመርፌ በሳስቼዋለሁ። መንፋት እንደማይችሉ አውቃለሁ። ጣትዎን ያሳርፉበት።

ጥቅሉ ላይ እንደ አባቴ ዓመተ ምሕረቱን ጽፌበታለሁ። የአምናውን አልቆጠርኩትም፣ ፕላስቲክ ነበር። ከአሥራ ሰባቱ ቀጥሎ ይሄ አሥራ ስምንተኛው ነው። አባቴ መላኪያ አጥቶ ጣሪያው ሥር አስቀመጣቸው። እኔ አድራሻ አለኝ።

አመሰግናለሁ።

የወንድምዎ ልጅ ማንሶክ